ዛፉ ከመቆረጡ በፊት የመድን ውሉ ይነበብ

እንጀራዬ ዛፍ መቁረጥ ነው። በአዲስ አበባ ከሽሮ ሜዳ እስከ ኮተቤ፣ ከአስኮ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ጣሪያ ላይ ያዘነበለ፣ አጥር የገፋ ወይም የመብራት ሽቦ የነካ ዛፍ ሲኖር የሚጠራው እኔንና መሰሎቼን ነው። ደንበኛ ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "በስንት ትቆርጠዋለህ?" ብሎ ነው። ቀጥሎ "መቼ ትመጣለህ?" ይለኛል። "ጉዳት ቢደርስ በምን ትከፍላለህ?" ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም አይገጥመኝም። ከሁሉም መቅደም የነበረበት ግን ይኸኛው ጥያቄ ነው።

አቋሜን በግልጽ ላስቀምጥ። በግሉ የሚሠራ ዛፍ ቆራጭ በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፍል የኃላፊነት መድን ሳይኖረው መጋዙን ማስነሳት የለበትም። መድኑን ሲገዛም አረቦኑ አነሰ ወይም በዛ ብሎ ብቻ መምረጥ የለበትም፤ የሚሠራውን ሥራ በትክክል የሚሸፍን መሆኑን አንብቦ፣ ጠይቆና በጽሑፍ አስፍሮ መምረጥ አለበት። ሥራውን የማይሸፍን መድን የገዛ ሰው ገንዘቡንም ከፍሎ ያለ መድን ነው የሚሠራው።

የሥራውን ጠባይ የማያውቅ አንባቢ ይህ የተጋነነ ሊመስለው ይችላል። ገና የተቆረጠ እርጥብ ባሕር ዛፍ፣ ውፍረቱ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 3 ሜትር ብቻ የሆነ ግንድ፣ ክብደቱ 4 ኩንታል ገደማ ይሆናል። አንድ ሙሉ ዛፍ ደግሞ ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው። በገጠር ደን ውስጥ ዛፉ ወደፈለገበት ቢወድቅ የሚጎዳው ሌላ ዛፍ ነው። በከተማ ግን ከሥሩ ቆርቆሮ ጣሪያ አለ፣ የጎረቤት ሮቶ አለ፣ የቆመ መኪና አለ፣ የሚጫወት ልጅ አለ።

ዛፍ የሚወድቅበትን አቅጣጫ የሚወስነው ትንሽ እንጨት ነው። በሚወድቅበት ወገን መጀመሪያ አፍ ይከፈታል፤ ከዚያ ከጀርባው ይቆረጣል። በሁለቱ መካከል ሳይቆረጥ የሚቀረው ቀጭን እንጨት ዛፉን እንደ በር ማጠፊያ ይዞ ቀስ አድርጎ ያወርደዋል። ውፍረቱ ከግንዱ አንድ አሥረኛ ያህል ነው፤ 40 ሳንቲ ሜትር ግንድ ላይ 4 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ይህ እንጨት ውስጡ የበሰበሰ ከሆነ ምንም ያህል ጎበዝ ባለሙያ ቢሆኑ ዛፉ በፈለገው በኩል ይሄዳል። የከተማችን ባሕር ዛፍ ደግሞ አብዛኛው ከተቆረጠ ጉቶ ላይ እንደገና ያቆጠቆጠ ነው። ቡቃያው ከጉቶው ጎን ተለጥፎ ስለሚያድግ፣ ሲወፍርና ሲከብድ ከመያዣው ተገንጥሎ ሊወርድ ይችላል። ይህ ከውጭ ሁልጊዜ አይታይም። ጥንቃቄ አደጋን ይቀንሳል፤ ጨርሶ ግን አያጠፋውም።

ሕጉ በዚህ ላይ ምን እንደሚል እያንዳንዱ ዛፍ ቆራጭ ማወቅ አለበት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው እንዲክስ ያዛል፤ የካሳውም መጠን ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል እንዲሆን በአንቀጽ 2091 ይደነግጋል። አንቀጽ 2081 ደግሞ የማሽን ባለቤት ማሽኑ ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው ይላል፤ ማሽኑን ያንቀሳቀሰው ሌላ ሰው ቢሆንም። የሞተር መጋዝም ማሽን ነው፤ የያዘው ረዳቴ ቢሆንም ባለቤቱ እኔ ነኝ። "ሥራውን ያዘዘኝ ባለቤቱ ነው፤ እሱ ይጠየቅ" ማለትም ብዙ አያስኬድም። በአንቀጽ 2134 መሠረት ሥራ ያዘዘ ሰው በእሱ ሥልጣን ሥር ሳይሆን ራሱን ችሎ ለሚሠራ ሰው ጥፋት አይጠየቅም። ራሱን ችሎ የሚሠራው ደግሞ እኔ ነኝ። የግል ሥራ ነጻነት እንደዚህ ያለ ዕዳም አለው።

ያለ መድን የሚሠራ ሰው ምን እንደሚደርስበት በቅርብ አይቻለሁ። አንድ የሙያ ባልደረባዬ ቀበና አካባቢ ከግቢ ውስጥ ግራቪሊያ ሲያወርድ አንድ ቅርንጫፍ ከገመዱ አመለጠ። ቅርንጫፉ የጎረቤቱን ሮቶ ከነማቆሚያው ገልብጦ፣ ጣሪያውን ቀዶ፣ ከሥሩ የቆመ መኪና መስታወት ላይ አረፈ። ሰው አልተጎዳም፤ ተመስገን። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ባልደረባዬም ሊከፍል ተስማማ። ዕቁቡን ቀድሞ እንዲወጣለት ለመነ፤ አልበቃውም። ቀጥሎ መጋዙን ሸጠ። መጋዙን ከሸጠ በኋላ ቀሪውን ዕዳ የሚከፍልበት ሥራ አልነበረውም። ጎረቤቱም ሙሉ ገንዘቡን አላገኘም፤ ዛፉን ያስቆረጡት ሴትዮና ጎረቤታቸውም እስከ ዛሬ ሰላምታ የላቸውም። ሦስት ቤተሰብ በአንድ ቅርንጫፍ ተጎዳ። ባልደረባዬ ሐቀኛ ሰው ነው፤ ያጣው ሐቀኝነት ሳይሆን የመክፈል አቅም ነው። መድን የሚሰጠውም ይህንኑ አቅም ነው።

እንግዲህ መድን ሊገዛ የወሰነ ሰው ምን ይምረጥ? ቀድሞ ምርጫ አልነበረም፤ በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ለረጅም ጊዜ ብቻውን ነበር። በ1986 ዓ.ም. ዘርፉ ለግል ባለሀብት ከተከፈተ ወዲህ ግን ብዙ ድርጅቶች አሉ፤ ዋጋቸውም የውላቸው ቃልም ይለያያል። ስለዚህ ሥራችሁን በአንድ ገጽ በዝርዝር ጻፉና ያንኑ ገጽ ቢያንስ ለሦስት ድርጅቶች ስጡ። የተለያየ መግለጫ ሰጥቶ ዋጋ ማወዳደር ዋጋ የለውም።

በዚያ ገጽ ላይ የመጀመሪያው መስመር የሥራው ስም ይሁን፤ ስሙም "ዛፍ መቁረጥ" ይሁን። አንድ ጊዜ ያነጋገረኝ የሽያጭ ወኪል ማመልከቻዬን "የአትክልት እንክብካቤ" ብሎ ሞላው። "አረቦኑ እንዲቀንስልህ ነው፣ ወንድሜ፤ ልዩነት የለውም" አለኝ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። አትክልተኛ መሬት ላይ ቆሞ አጥር ያስተካክላል፤ እኔ በገመድ ታስሬ ከጣሪያ በላይ መጋዝ እይዛለሁ። የንግድ ሕጉ የመድን ክፍል በአንቀጽ 668 እውነቱን ደብቆ ወይም አዛብቶ የተናገረ ሰው ውሉ ሊፈርስበት እንደሚችል ይናገራል። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ቢወጣም የመድን ድንጋጌዎቹ የ1952ቱ እንደሆኑ ቀጥለዋል። ወኪሉ በሞላው ወረቀት ላይ የሚፈርመው ገዢው ነውና ቃሉን አስለውጬ፣ "በገመድ ከፍታ ላይ ወጥቶ በሞተር መጋዝ ዛፍ መቁረጥ" ተብሎ እስኪጻፍ ድረስ አልፈረምኩም። አረቦኑ ጨመረ። የጨመረው ገንዘብ ግን ትክክለኛውን ሥራዬን ገዛልኝ።

ቀጥሎ የሚነበበው ውሉ "ከሽፋን ውጪ" ብሎ የሚዘረዝረው ክፍል ነው። ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን ገጽ ትልቅ ቁጥር አይቶ ይደሰታል፤ ዕጣው የሚወሰነው ግን በዚህ ክፍል ነው። ለእኛ ሥራ አራት ነገሮች እዚያ ውስጥ ይፈለጉ።

አንደኛው የከፍታ ገደብ ነው። ከተወሰነ ሜትር በላይ የሚሠራን ሥራ የማይሸፍን ውል ለዛፍ ቆራጭ አይሆንም። ሁለተኛው የኤሌክትሪክ መስመር ነው። በየመንገዱ ባለ 15 ሺህ ቮልት መስመር ከቅርንጫፍ ጋር ተጠላልፎ ይታያል። መስመር አጠገብ ስትሠሩ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎትን ጠይቃችሁ ኃይል ማስቋረጥ ግዴታችሁ ነው፤ ውሉም ይህን አድርጋችሁ ስትሠሩ የሚደርሰውን ጉዳት እንደሚሸፍን በጽሑፍ አረጋግጡ። ሦስተኛው "በጥበቃህ ወይም በእጅህ ያለ ንብረት" የሚለው ሐረግ ነው። ብዙ ውሎች እጃችሁ ላይ ያለውን ወይም የምትሠሩበትን ንብረት አይሸፍኑም። ድርጅቱ ይህን አስፍቶ የደንበኛውን ቤትና አጥር ጭምር ካስወጣ፣ ጎረቤት ሲካስ የቀጠራችሁ ሰው ባዶ እጁን ይቀራል ማለት ነው። የደንበኛው ቤት፣ አጥርና መኪና የተካተቱ መሆናቸውን በግልጽ አስጽፉ። አራተኛው ተሽከርካሪ ነው። ግንድ የጫነው አይሱዙ ሲንቀሳቀስ የሚያደርሰው ጉዳት የእናንተ የሥራ መድን ጉዳይ ሳይሆን የመኪናው የሦስተኛ ወገን መድን ጉዳይ ነው። መኪና ስትከራዩ ያ ወረቀት መታደሱን እዩ።

ስለ ረዳቶቻችን ለብቻው መናገር አለብኝ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ገመድ የሚይዘው ልጅ በመድን ቋንቋ "ሦስተኛ ወገን" አይደለም፤ ሠራተኛ ነው። እሱ ቢጎዳ የኃላፊነት መድኑ አይከፍልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ተጠያቂ ያደርገዋል። የጡረታ ሽፋን የሌለው ሠራተኛ ሙሉ በሙሉና ለዘለቄታው ከሥራ ውጪ ቢሆን የሚከፈለው የአምስት ዓመት ደመወዙ ነው። በቀን 500 ብር የሚከፈለውን ረዳት እናስላ። በወር 26 ቀን ቢሠራ 13,000 ብር፣ በዓመት 156,000 ብር፣ በአምስት ዓመት 780,000 ብር ይሆናል። ይህን ከኪሱ የሚያወጣ ዛፍ ቆራጭ አላውቅም። ስለዚህ ረዳት ያለው ሰው የሠራተኞች ጉዳት ካሳ መድንም አብሮ ይግዛ፤ የሚያስመዘግበው ደመወዝም እውነተኛው ይሁን። አረቦን ለመቀነስ ደመወዙን ዝቅ አድርጎ ማስመዝገብ የልጁን ካሳ ዝቅ ማድረግ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ ጣሪያ። ውሉ "በአንድ አደጋ" የሚከፍለውንና "በዓመት በድምሩ" የሚከፍለውን ለያይቶ ያስቀምጣል፤ ሁለቱንም አንብቡ። ጣሪያውን ስትወስኑ የራሳችሁን ገቢ አትመልከቱ፤ ከዛፉ ሥር ያለውን ተመልከቱ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት የተወሰነ ጣሪያ ዛሬ የመኪና መለዋወጫ፣ የቆርቆሮና የሲሚንቶ ዋጋን አይደርስበትም። ውሉን በየዓመቱ ስታድሱ ያንኑ ቁጥር አትገልብጡ። ኤክሰስ የሚባለውን፣ ድርጅቱ ከመክፈሉ በፊት ከኪሳችሁ የሚወጣውን፣ ደግሞ በአንድ ሳምንት ሥራ ልትከፍሉት በምትችሉት መጠን አድርጉት። ኤክሰሱን ከፍ አድርጎ አረቦን መቀነስ ጥሬ ገንዘብ ላለው ያዋጣል፤ ከእጅ ወደ አፍ ለሚኖር ሰው አያዋጣም።

አንድ ጥያቄ ደግሞ አትርሱ፤ የሚሸፈነው አደጋው በደረሰበት ጊዜ ውሉ ስላለ ነው ወይስ የካሳ ጥያቄው ሲቀርብ ውሉ ስላለ? ዛሬ ነቅላችሁ የሄዳችሁት ጉቶ ክረምት ሲገባ መሬቱን አላልቶ የጎረቤትን ግንብ ቢሰነጥቅ፣ ጥያቄው የሚመጣው ውሉ ካበቃ በኋላ ሊሆን ይችላል። ለእኛ የሚበጀው አደጋው የደረሰበትን ቀን የሚቆጥር ውል ነው።

አደጋ ሲደርስ የምናደርገው ነገርም ከምርጫው ያልተናነሰ ነው። የንግድ ሕጉ አንቀጽ 670 አደጋው መድረሱን ባወቃችሁ በ5 ቀን ውስጥ ለድርጅቱ እንድታሳውቁ ያዛል። የእኛ ባህል ደግሞ ወዲያው ይቅርታ መጠየቅ፣ "እኔ እከፍላለሁ" ማለትና ሽማግሌ መላክ ነው። ባህሉን እወደዋለሁ፤ በጎረቤት መካከል ሰላም የሚያወርድ ነገር ነው። ነገር ግን ብዙ የኃላፊነት መድን ውሎች ድርጅቱ ሳይፈቅድ ጥፋትን ማመንንና ገንዘብ ለመክፈል ቃል መግባትን ይከለክላሉ። ያለ ፈቃድ የተደረገ እርቅ ካሳውን ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ የተጎዳውን ሰው መጀመሪያ ሐኪም ቤት አድርሱ፤ አብራችሁት እዘኑ፤ ፎቶ አንሱ፤ የዓይን ምስክሮችን ስልክ ያዙ፤ በዚያው ቀን ድርጅቱን በስልክም በደብዳቤም አሳውቁ። ሽማግሌው ከዚያ በኋላ ይቀመጥ፤ የድርጅቱም ተወካይ ይኑርበት። እርቁ የሚጸናው የሚከፈል ገንዘብ ሲኖረው ነው።

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊትም የግቢውን፣ የጣሪያውንና የአጥሩን ፎቶ አንሱ። ቀድሞ የተሰነጠቀ ግንብ ሁሉ በእናንተ ላይ እንዳይጻፍ የሚጠብቃችሁ እሱ ነው።

"መድን ድርጅት አረቦን ሲቀበል እንጂ ሲጠየቅ አይሰማም" የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። ቅሬታቸው መሠረት የለውም አልልም፤ የካሳ ጥያቄ ሲጓተት ያየ ሰው ይማረራል። ሆኖም ጭቅጭቁ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ውሉ ላይ ከተጻፈውና ካልተጻፈው ነው፤ ቀድሞ በጥንቃቄ የተጻፈ ውል የጭቅጭቁን በር ይዘጋል። "እድር አለን" የሚሉም አሉ። እድር ስንሞት ይቀብረናል፣ ቤተሰባችንን ያጽናናል፤ የጎረቤትን ቤት መልሶ ለመሥራት ግን አልተቋቋመም። "ዋጋዬ ስለሚወደድ ሥራ አጣለሁ" የሚለው ስጋት ግን እውነተኛ ነው። መድን ያለው ቆራጭ አረቦኑን በዋጋው ላይ ይጨምራል፤ የሌለው በርካሽ ይወስድበታል። ይህን ችግር ዛፍ ቆራጩ ብቻውን አይፈታውም። ስለዚህ ጥሪዬ ለሦስት ወገን ነው።

መድን ድርጅቶች ለእኛ መጠን የሚሆን ውል አዘጋጁልን። ዓመቱን ሙሉ የሚሠሩ ትልልቅ ተቋራጮች እንዳሉ ሁሉ፣ ከግንቦት እስከ ሰኔ ክረምት ከመግባቱ በፊት ብቻ የሚሠሩ ብዙዎች አሉ። በማኅበር ለተደራጁ ቆራጮች የጋራ ውል፣ ለአንድ ሥራ ደግሞ የአጭር ጊዜ ውል ቢኖር ገበያው ይገኛል። የውሉም ቋንቋ ገዢው የሚያነበው አማርኛ ይሁን።

የዛፍ መቁረጫ ፈቃድ የምትሰጡ የአስተዳደር አካላት፣ ዛፉ ለምን እንደሚቆረጥ እንደምትጠይቁ ሁሉ ማን እንደሚቆርጠውና በምን መድን እንደሚቆርጠው ጠይቁ። አንድ ተጨማሪ ጥያቄ በቅጹ ላይ ማስገባት ወጪ የለውም። መኪና ያለ ሦስተኛ ወገን መድን መንገድ እንዳይወጣ ሕግ አለን፤ የሰው ጣሪያ ላይ የሚወጣ መጋዝም ተመሳሳይ ጥበቃ ይገባዋል።

ዛፍ የምታስቆርጡ ወገኖቼ፣ ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት ቆራጩን የመድን ወረቀቱን አሳየኝ በሉት። የሥራውን ስም፣ ውሉ የሚያበቃበትን ቀንና የካሳውን ጣሪያ በዓይናችሁ እዩ፤ ከተጠራጠራችሁ ለድርጅቱ ደውላችሁ አረጋግጡ። ወረቀቱን ማሳየት ያልቻለ ሰው ምንም ያህል ቢረክስ አትቅጠሩት። እናንተ ይህን መጠየቅ የጀመራችሁ ዕለት ዛፍ ቆራጭ ሁሉ መድን መግዛት ይጀምራል።